ማስቲሽ ወይስ የውሃ ኮላ?

ቃሊቲና ገላን አካባቢ ጫማና ሶፋ በሚሠራበት ቤት ሁሉ ይህ ጥያቄ አይጠፋም።

ዋጋና ፍጥነት፦ ማስቲሽ የትም ይገኛል፣ ቶሎ ይይዛል። ለጫማ የሚሆነው የውሃ ኮላ ወደድ ይላል፤ ማድረቂያ ሙቀትም ይፈልጋል። ክረምት ላይማ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ጤና፦ ዋናው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ማስቲሽ ውስጥ ቶሉይን ወይም ሄክሳን የሚባል ቶሎ የሚተን ኬሚካል አለ። ቶሉይን ራስ ያዞራል። ሄክሳን ይብሳል፤ በተዘጋ ክፍል ለወራት ሲተነፍሱት ነርቭ ይጎዳል። መጀመሪያ የእግር ጣት ይደነዝዛል፣ ቆይቶ ደረጃ መውጣት ያቅታል። ሠራተኛው ግን «ድካም ነው» ብሎ ያልፈዋል። የጨርቅ ማስክ ትነቱን አያቆምም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ነው የሚያዋጣው። የውሃ ኮላው ትነት በጣም ያነሰ ነው፤ ቆዳ ሊያስቆጣ ስለሚችል ግን ጓንት አይቀርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መከላከያውን የሚያቀርበው አሠሪው ነው።

እሳት፦ የማስቲሽ ትነት ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ሄዶ የቡናውን ከሰል ያገኛል! የውሃው ይህ ጣጣ የለበትም።

ለእንጨትና ለስፖንጅ፣ በተለይ ክፍሉ ጠባብ ሠራተኛው ብዙ ከሆነ፣ የውሃው ይሻላል። ማሞቂያ ለሌለውና ሶል ለሚለጥፍ ማስቲሽ፤ ግን በረንዳ ላይ፣ የማስቲሹ ቆርቆሮ ተከድኖ።