ባለ 150 በ70 የአክሪሊክ ባኞ ለጠባብ መታጠቢያ ቤት ይሆናል?

ለጠባብ መታጠቢያ ቤት ባኞ ለሚፈልግ ሰው በቧንቧ ዕቃ መሸጫዎች ከሚቀርቡት አንዱ ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነጭ አክሪሊክ ነው፤ ከነብረት እግሩ፣ ከነሲፎኑና ከነፊት መሸፈኛው ይሸጣል። ገንዳው ጥሩ ነው፣ ለኮንዶሚኒየም ቤትም ከሁሉም መጠን ይህ ይሻላል። አብረውት የሚመጡት እግርና ሲፎን (ሽታ እንዳይመለስ ውሃ የሚይዘው ጠማማ የማፍሰሻ ቱቦ) ግን የገንዳውን ያህል አይታመኑም። ባኞ የሚበላሸው ከሥሩ ነው፤ ስለዚህ የዚህ ግምገማ ትልቁ ክፍል የሚያወራው ከተገጠመ በኋላ ስለማይታየው ነገር ነው።

ከመጠኑ እንጀምር። በ120ው ውስጥ አዋቂ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል እንጂ አይጋደምም፤ ለሕፃናት ማጠቢያ ካልሆነ ያስቆጫል። 170ው ምቹ ነው፣ ቦታ ግን የለም። ክፍሉ 1.50 በ2 ሜትር ቢሆን 150ው በአጭሩ ግድግዳ ልክ ይገባና ለሽንት ቤት መቀመጫና ለእጅ መታጠቢያ 1.30 ሜትር ይተርፋል። የመቀመጫው መሃል ከባኞው ጠርዝ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ በሩም ወደ ውጭ ይከፈት። ኢናሜል የተቀባው የብረት ባኞ ጭረት ይችላል፣ ነገር ግን ከባድ ነገር ሲወድቅበት ይላጥና ይዝጋል፣ ውሃውንም ቶሎ ያቀዘቅዛል። አክሪሊኩ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ስለሚመዝን ሁለት ሰው በደረጃ ሊያወጣው ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ገልብጡትና ሥሩን እዩ። ጀርባው በፋይበር ግላስ ተለብሶ፣ መቀመጫው ሥር ጣውላ ተቀብሮበት መሆን አለበት። የስልክ መብራት ከውስጥ በኩል አብሩበት፤ በየማዕዘኑ ብርሃኑ ደምቆ የሚያልፍ ከሆነ ፋይበሩ ሳስቷል ማለት ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ ደግሞ አስተውሉ። ከላይ ስስ ነጭ፣ ከታች ሌላ ቀለም ያለው ንብብር ከታየ ሙሉ አክሪሊክ አይደለም፤ በሌላ ፕላስቲክ ላይ የተለበጠ ነው። ሙሉው አክሪሊክ ቢጫር በውሃ ወረቀት (በውሃ በሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት) ተፍቆ ይወለወላል፤ የተለበጠው ግን ሲፋቅ ሌላው ንብብር ብቅ ይላል። መሃሉን በመዳፍ ስትጫኑት ከረገበም ተዉት።

የክፍሉን ልክ ስትወስዱ ወለሉ ላይ ብቻ አትለኩ። ባኞው ግድግዳ የሚነካው ከወለሉ 55 ሴንቲ ሜትር ግድም ከፍ ብሎ ስለሆነ በዚያ ከፍታ ጥግ ላይ፣ መሃልና ፊት ለፊት፣ ሦስት ጊዜ ለኩ። ሴራሚክና ማጣበቂያው በእያንዳንዱ ግድግዳ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላሉ፤ ልስኑ ላይ 152 የነበረው ሴራሚክ ሲለብስ 149 ይሆንና ገንዳው አይገባም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ባኞውን ልስኑ ላይ አስጠግቶ መግጠም፣ ከዚያ ሴራሚኩን ጠርዙ ላይ ማሳረፍ ነው። እንዲህ ሲሆን በግድግዳው የሚወርደው ውሃ ወደ ገንዳው ይገባል እንጂ ከኋላ አይሾልክም። ከሴራሚኩ በፊት ግን ግድግዳውና ወለሉ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ሁለት እጅ ይቀቡ፤ ቅቡ ከጠርዙ በታችም መቀጠል አለበት።

አሁን ወደ እግሩ። የብረት እግሩ በብሎን ከሥሩ ጣውላ ጋር ይታሰራል። ጣውላው ስስ ስለሆነ ከካርቶኑ ውጭ የመጣ ረጅም ብሎን ገንዳውን በስቶ ይወጣል፤ ይህን ስህተት ማረም ከባድ ነው። አራቱን እግር በውሃ ልክ አስተካክሉ። ገንዳው ወደ ማፍሰሻው ያዘነበለ ሆኖ ስለተሠራ ጠርዙ ቀጥ ማለት አለበት፤ ውሃ እንዲወርድ ብሎ ጠርዙን ማዘንበል አያስፈልግም። የግድግዳ መያዣዎቹ ጠርዙ እንዳይንቀሳቀስ ይይዛሉ እንጂ ክብደት አይሸከሙም።

እግሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሰው ሲገባ መሃሉ ይረግባል፣ ድምፅም ያሰማል። በጣውላው ሥር ፕላስቲክ አንጥፎ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ጠንከር ተደርጎ የተቦካ ሁለት ሦስት ክምር ማስቀመጥና ገንዳውን ቀስ ብሎ ማሳረፍ ይህን ይፈታል። ሥሩን በሙሉ በኮንክሪት መሙላት ግን ከባድ ስህተት ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብቻ ቢሞላ 300 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። ውሃው፣ ሰውየውና ገንዳው በአንድ ካሬ ላይ የሚያርፉት 200 ኪሎ አካባቢ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ሶሌታም በተለምዶ የሚሰላው ለዚህ ያህል ጭነት ነው። ቧንቧው ቢያፈስም ኮንክሪት ካልተሰበረ አይገኝም።

ፍሳሹ ከሁሉም ይበልጣል። ሲፎኑን ከወለሉ በላይ ለማስቀመጥ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ እግሩ ገንዳውን ከ12 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ያነሳዋል። ከሲፎኑ እስከ ዋናው ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት ስጡ። 1.5 ሜትር ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚበላ ትርፍ ቦታው ጠባብ ነው፤ አብሮት የመጣውን ሲፎን በሌላ ብትቀይሩ አጭሩን ጠይቁ፣ የውሃ መዝጊያው (ሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ጥልቀት) ግን ከ5 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ አለዚያ ሽታ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ሌላ ስህተት አለ፤ ሲፎን ያለውን የባኞ ቱቦ ሌላ ሲፎን ባለው የወለል ማፍሰሻ ውስጥ አሽጎ ማስገባት። በሁለቱ መካከል አየር ይታፈናል፣ ውሃው እየተንቦራጨቀ በዝግታ ይወርዳል። አንዱ ይበቃል። ከባኞው ውጭ ያለውን የወለል ማፍሰሻ ደግሞ አትድፈኑት፤ ገንዳው ቢሞላና ቢፈስ ጎረቤት የሚድነው በእሱ ነው።

ከማፍሰሻው ጎማ በላይ ሲሊኮን አድርጉ፣ በእጅ ብቻ አጥብቁ። በመፍቻ የተጠበቀ ማሰሪያ አክሪሊኩን ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ከዚያ ፊቱ ሳይዘጋ ገንዳውን እስከ ትርፍ ውሃ ማስወጫው ሙሉት፣ በአንድ ጊዜ ልቀቁት፣ መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ንኩ። ሶፍቱ ከረጠበ ሥራው አላለቀም።

የጠርዙን ጥግ ነጭ ሲሚንቶ መሙላት በጣም የተለመደ ነው፤ ቶሎም ይሰነጠቃል። ባኞው ሲጫንበት ሚሊ ሜትሮች ይወርዳል፣ ሲሚንቶ ደግሞ አይለጠጥም። በሴራሚኩና በጠርዙ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉና ሻጋታ የሚቋቋም የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አድርጉበት፤ ሲሊኮኑ የሚደረገው ገንዳው በውሃ እንደተሞላ ነው፣ ውሃውም 24 ሰዓት ይቆይበት። ባዶ ገንዳ ላይ የተደረገ ሲሊኮን ሰው ሲገባ ሊቀደድ ይችላል። የተረፈውን ለማጽዳት አሴቶን ወይም ቀለም ማቅጠኛ አታስነኩት፤ አክሪሊክ ያሟሟል።

ከመግዛታችሁ በፊት የውሃ ማሞቂያችሁን እዩ። ይህ ባኞ ሰው ሲገባበት ከ110 እስከ 120 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 18 ዲግሪ የሆነ ቀዝቃዛ ውሃ በ65 ዲግሪ ሙቅ ሲደባለቅ ባለ 50 ሊትር ማሞቂያ የሚሰጠው 39 ዲግሪ ውሃ ቢበዛ 110 ሊትር ነው፤ ቀዝቃዛው እየገባ ስለሚቀላቀል በተግባር ያንሳል። ባለ 80 ሊትሩ ይበቃል፣ በ1.5 ኪሎ ዋት ለመሞቅ ግን 3 ሰዓት ይፈጅበታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ላይ አንድ ገላ መታጠብ ከአምስት አንድ እጁን ያህል ይወስዳል። ሮቶው ከባኞው 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ ግፊቱ ትንሽ ነው፣ ገንዳውም በዝግታ ይሞላል።

ፊቱን በባለ 10 ብሎኬት አትዝጉት፤ ከጠባቡ ክፍል 10 ሴንቲ ሜትር ይበላል። አብሮት የመጣው መሸፈኛ ቦታ አይወስድም፣ ሲያስፈልግም ይነቀላል። ሴራሚክ ካማራችሁ በማፍሰሻው በኩል 30 በ30 የሆነ ተከፋች ክፍት ቦታ ተዉ፤ እጅና መፍቻ ሲፎኑ ጋ መድረስ አለባቸው።