ዲኤንኤ ኦሪጋሚ፦ በብርሃን ይሰፋ ወይስ ካባ ይልበስ?

ረጅም የዲኤንኤ ክርን በአጫጭር ክሮች እንደ ወረቀት እያጠፉ ቅርጽ ማስያዝ (ዲኤንኤ ኦሪጋሚ የሚባለው ይህ ነው)፣ ተመራማሪው ፖል ሮትመንድ በ2006 እ.ኤ.አ. ካሳየው ወዲህ፣ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። የታጠፈው ቅርጽ ማግኒዥየም ሲያንሰው ይፈርሳል፣ ደም ውስጥ ሲገባ ደግሞ ኢንዛይሞች ይበሉታል።

አንዱ መላ መስፋት ነው። የሙኒኩ ሄንድሪክ ዲትዝ ቡድን በ2018 ያሳየው ዘዴ ክሮቹ ላይ ትርፍ ታይሚኖችን (ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዱን) ይጨምርና 310 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ያበራባቸዋል፤ ጎን ለጎን ያሉት ታይሚኖች በጠንካራ ትስስር ይጣበቃሉ። (ፀሐይ የቆዳችንን ዲኤንኤ የምትጎዳውም እንዲሁ ነው፣ እዚህ ግን ለበጎ ዋለ።) የተሰፋው እስከ 90 ዲግሪ ሙቀት ይችላል፣ ጨው በሌለው ንጹህ ውሃም አይፈርስም። ግን ታይሚኖቹ ንድፉ ላይ ቀድመው መታሰብ አለባቸው፤ ብርሃኑ ከበዛ ደግሞ ዲኤንኤውን ራሱን ይጎዳል።

ሌላው ካባ ማልበስ ነው። አሥር ላይሲኖች (አሚኖ አሲድ ናቸው) ፒኢጂ ከሚባል ፖሊመር፣ ማለትም ረጅም ሰንሰለት መሰል ሞለኪውል፣ ጋር ይያያዛሉ፣ ላይሲን ፖዘቲቭ፣ ዲኤንኤ ኔጋቲቭ ስለሆኑ ዝም ብሎ ማቀላቀል ይበቃል። ንድፍ መቀየር የለም! በ2017 የሃርቫርዱ ተመራማሪ የዊልያም ሺህ (Shih) ቡድን ይህ ካባ ኢንዛይምን የመቋቋም አቅምን እስከ 1,000 እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። የያዘው ግን ቻርጅ ብቻ ነው፣ ሌላ ብርቱ ኔጋቲቭ ፖሊመር ከመጣ ሊገፈፍ ይችላል።

እኔ ብሆን አይጥ ላይ ለሚሞከር መድኃኒት ካባውን፣ ለሙቀት ሥራ ስፌቱን እመርጣለሁ። ንድፉ አልቆ ክሮቹ ከታዘዙ ግን ምን ምርጫ አለ፣ ካባ ነው።