የዊንዶውስ ኤችዲአር ካሊብሬሽን አፕ፦ ሁለት ሳምንት ያለፋኝን ጌም ያስተካከለልኝ ነፃ አፕ

ኤችዲአር (የብርሃንና የጨለማን ልዩነት አስፍቶ የሚያሳየው የምስል አይነት) አልስተካከል ብሏችሁ ሴቲንግ ስታገላብጡ የምታመሹ ካላችሁ ይሄን አንብቡት፣ እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ታግዬበታለሁ። 4ኬ ሞኒተር ገዛሁ፣ ካርቶኑ ላይ ኤችዲአር 400 ይላል፣ ቤት ወስጄ ሰካሁና ዊንዶውስ ላይ ኤችዲአሩን አብርቼ ጌሙን ስከፍት ሌሊቱ ሌሊት አይመስልም፣ ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው፣ ቀን ላይ ደሞ ደመናው ምኑም ሳይለይ ነጭ ብቻ። ጌሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር አፕዴት አረኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ስክሪንሹት አንስቼ ለጓደኛዬ ብልክለት ደሞ እሱ ጋር ሌላ መልክ ይዞ ነው የሚታየው፣ ምክንያቱም ኤችዲአር ምስል ተራ ስክሪን ላይ ሲሄድ ከለሩ ይበላሻል፣ ስለዚ እርዳታ ስትጠይቁ ስክሪኑን በስልክ አንስታችሁ ብትልኩ ይሻላል።

በመጨረሻ ያገዘኝ ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ በነፃ የሚገኘው ዊንዶውስ ኤችዲአር ካሊብሬሽን የሚባለው አፕ ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ እኔም የገባኝ ከተጠቀምኩት በኋላ ነው። ኤችዲአር 10 የሚባለው ሲግናል ብርሃንን የሚለካው በኒትስ (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ነው፣ እስከ 10,000 ኒትስ ድረስ ይጽፋል፣ የኔ ስክሪን ግን 400 አካባቢ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል። ጌሙ ይሄን ካላወቀና ስክሪኑን 1000 ኒትስ ነው ብሎ ካሰበ ከ400 በላይ የላከው ብርሃን በሙሉ አንድ ላይ ተጨፍልቆ ነጭ ይሆናል፣ ደመናዬን የበላው ይሄ ነው። ጌሙ አልተበላሸም፣ ሞኒተሩም አልተበላሸም፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው መሀላቸው የነበረው።

አፑ አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ኤችዲአር አብርታችሁ ፉል ስክሪን ታረጉትና በየተራ ምስል ያሳያችኋል፣ መጀመሪያ ስክሪናችሁ ማሳየት የሚችለው የመጨረሻው ጨለማ፣ ቀጥሎ የመጨረሻው ብርሃን፣ ከዛ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሲሆን የሚደርስበት ብርሃን፣ ሁሉም ላይ ስላይደሩን እየገፋችሁ ምስሉ ከጀርባው ጋር ተመሳስሎ ሲጠፋ ታቆማላችሁ። መጨረሻ ላይ የከለር ድምቀት አለ፣ እዛ ጋ አትስገብገቡ፣ እኔ መጀመሪያ ብዙ ገፍቼው የሰው ፊት ብርቱካን ሆኖብኝ መልሼዋለሁ። ሲያልቅ ፕሮፋይል ሆኖ ሴቭ ይሆናል። ሌላው ሞኒተሩ የራሱ ሜኑ ውስጥ ጌም ሞድ ሲኒማ ሞድ ምናምን ካለው የምትጫወቱበት ሞድ ላይ አርጋችሁ ነው መስራት ያለባችሁ፣ ሞዱን ስትቀይሩ ብርሃኑም ስለሚቀየር ካሊብሬሽኑ ዋጋ የለውም።

ከዛ ወደ ጌሙ ግቡ። ፕሮፋይሉን ራሳቸው የሚያነቡ ጌሞች አሉ፣ የኔው ግን የራሱ ስላይደር ስላለው አፑ ላይ ያገኘሁትን ቁጥር ማክሲመም ብራይትነስ የሚለው ላይ በእጄ አስገባሁ። ፔፐር ዋይት የሚለው ደሞ የተራው ነጭ ብርሃን ነው፣ ማለት የወረቀት፣ የግድግዳ፣ የጽሁፍ፣ ቀን መስኮት ተከፍቶ ስጫወት 200 አረገዋለሁ፣ ማታ መብራት አጥፍቼ ስጫወት ወደ 120 አወርደዋለሁ። ይሄን ከፍ ባረጋችሁት ቁጥር ለፀሀይና ለእሳት የሚቀረው ቦታ ይጠባል፣ በተለይ እንደኔ 400 ላይ የሚያቆም ስክሪን ካላችሁ። ጌሙ ውስጥ የኤችዲአር ምርጫው አልነካ ካላችሁ ደሞ መጀመሪያ ዊንዶውሱ ላይ አብሩት፣ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ አልት እና ቢ አንድ ላይ ስትጫኑ ይበራል ይጠፋል፣ ከዛ ጌሙን ዘግታችሁ ክፈቱት።

ኬብሉንም እዩት። እኔ የተሰጠኝን ኤችዲኤምአይ ነበር የሰካሁት፣ ሰማዩ ላይ የከለር መስመር መስመር እየሰራ አስቸገረኝ። ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ 18 ጊጋቢት ነው የሚያሳልፈው፣ 4ኬን በ60 ኸርዝ ከሙሉ ከለርና ከ10 ቢት (ቢቱ ሲበዛ የከለሩ እርከን ይበዛል) ጋር አይችለውም፣ ስለዚ ከአንዱ ይቀንሳል። ዲስፕሌይፖርት 1.4 ላይ ስሰካው መስመሩ ጠፋ። አድቫንስድ ዲስፕሌይ የሚለው ገጽ ላይ ስንት ቢት እየሄደ እንደሆነ ይጽፍላችኋል።

አፑ የማያረገውንም ልንገራችሁ፣ ሞኒተር ልትገዙ ያሰባችሁ በተለይ። የስክሪን ደረጃዎችን የሚያወጣው ቬሳ የሚባል ድርጅት በ2017 (በፈረንጆቹ) መጨረሻ ያወጣው ዲስፕሌይኤችዲአር 400 የሚለው ደረጃ ጀርባው ላይ ያለው መብራት በየቦታው ተለይቶ እንዲደበዝዝ አያስገድድም፣ ስለዚ አንዱ ጥግ ላይ ሻማ ሲበራ ጨለማውም አብሮ ይነጣል። ይሄን አፕ አያድነውም። ካርቶን ላይ ባዶውን ኤችዲአር 400 ተብሎ ከተጻፈ ደሞ ያ ራሱ ሰርተፊኬት ላይሆን ይችላል። እኔ አሁን ቀን ቀኑንና ሜዳውን በኤችዲአር እጫወታለሁ፣ ዋሻ ምናምን ስገባ ግን አጥፍቼው በተራው ነው የምጫወተው፣ እውነቱን ለመናገር እዛ ላይ ተራው ይበልጣል።

ለአፑ ከ10 8 እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ዊንዶውስ 10 ላይ ስለማይሰራና ያገኛችሁት ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ስለማያስረዳ ነው፣ አንድ ገጽ ማብራሪያ ቢጨምሩበት ስንቱ ሰው በተረፈ።

ቅዳሜ ጓደኛዬ ኦሌድ (እያንዳንዱ የስክሪን ነጥብ ለብቻው የሚበራበትና የሚጠፋበት) ላፕቶፑን ይዞ መጣና የሱንም ሰራንለት። የመጀመሪያው ምስል እሱ ጋ ዜሮ ላይ ነው የጠፋው። ያንኑ ጌም ያንኑ ሌሊት ከፈትነው፣ ፋኖሱ በርቷል፣ ከፋኖሱ አንድ ጣት ራቅ ብሎ ያለው ጨለማ የላፕቶፑ ጠርዝ የት ጋ እንደሚያልቅ እስከማይለይ ድረስ ጥቁር ነው፣ ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ጌሙን ሳንነካው ዝም ብለን አየነው።