ለጨለማ ሳሎን ጣሪያ፦ ፋይበር፣ ፖሊካርቦኔት ወይስ መስታወት?

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያዬን ያያል። ቀጥሎ «ስንት ፈጀብህ?» ይላል። ባለፈው ወር ብቻ ለአራት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሰጠሁ። አምስተኛው ሲደውል ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ቤታችን በሁለት ጎረቤት ግድግዳ መሃል የተሰነቀረ ነው። መስኮት አለን፤ ግን የሚያየው የጎረቤትን ብሎኬት ነው። በጠራራ ፀሐይ ሳሎን ውስጥ አምፖል እናበራ ነበር። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ሻማ፣ በቀትር! የጎረቤት ግድግዳ አይፈርስ ነገር፣ የቀረው መንገድ በላይ ብቻ ነው።

ከአሁኑ ልናገር፤ እኔ የፖሊካርቦኔት፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፈው ጠንካራ የፕላስቲክ ንጣፍ፣ ሰው ነኝ። እዚህ ለመድረስ ግን በፋይበር አልፌያለሁ።

ፋይበር የምንለው ያንን ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ቆርቆሮ ባለ ሞገድ ንጣፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሁለት ገዛሁ፣ አንዱን በ650 ብር። ለሠራተኛ 800 ከፈልኩ። በ2,100 ብር ሳሎኔ በራ። በከተማው ከእኔ የሚበልጥ ብልጥ ያለ አልመሰለኝም።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ምስማሩ ዙሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ምስማር በመዶሻ ሲመታ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትቀራለች። በረዶ ሲወርድባት ትሰፋለች። በሦስተኛው ዓመት መልኩ ሻይ መሰለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ የምትልጠው ቆዳ ብቻ አይደለም። የላዩ ሙጫ ሲላጥ የመስታወቱ ክር ብቅ ይላል፣ አቧራ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ በኦሞ ብታጥቡትም አይጠራም።

መጨረሻውን ያየሁት ዲሽ ሊያስተካክል የወጣ ልጅ ሲረግጠው ነው። አንድ እግሩ ሳሎን ገባ። ደግነቱ ማገሩን ይዞ ተረፈ፤ ጫማው ግን ሶፋ ላይ ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም የምለው አንድ ነገር አለ፦ ምንም ዓይነት ብታለብሱ ከሥሩ የፌሮ ፍርግርግ አስበይዱ። ለሚረግጥም ለሌባም ነው።

አሁን ሂሳቡ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለሲሊኮን 1,800፣ ለሦስት ጊዜ ጥገና ሠራተኛ 3,600፣ ውሃ ላበሰበሰው ኮርኒስ ቺፑድና ቀለም 6,000 አወጣሁ። ከመነሻው 2,100 ጋር 13,500 ብር። ርካሹ ማለት ይሄ ነው።

ፖሊካርቦኔቱን ያስገባሁት አምና ነው። ባለ 6 ሚሊ፣ መሃሉ ክፍት የሆነው፣ ካሬው 2,300 ብር። ሦስት ካሬ 6,900። ለሞራሌ፣ ለላሜራና ለቪቴ 3,900። ለሠራተኛ 3,400። ድምሩ 14,200። ከፋይበሩ በ700 ብር ብቻ በለጠ፤ እስካሁን ለጥገና አንድ ብር አላወጣሁም። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋ አያስተማምንም። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን ያዙ።

የሚያናድደው አስመስሎ የተሠራው ነው። መርካቶ መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ካሬውን በ1,500 ሊሸጥልኝ ነበር። «ያው ነው፣ 6 ሚሊ ነው» አለኝ። ውፍረቱ በሜትር ሲለካ እውነትም 6 ነው። የሚሰርቁት ከንጣፉ የፕላስቲክ ግድግዳ ላይ ነው፤ እያሳሱ ያመርቱታል። ይሄንን የሚያጋልጠው ሚዛን ነው። ደህናው ባለ 6 ሚሊ በካሬ 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሦስት ካሬ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል ማለት ነው። ጠቅልዬ ደጅ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 2.7 ኪሎ። ባለሱቁ ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቀች። እኔ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄድኩ።

ሁለተኛው ነገር ፊትና ጀርባው ነው። ደህናው ዕቃ በአንድ ገጹ ከፀሐይ የሚከላከለው ስስ የዩቪ ሽፋን አለው። የትኛው ገጽ ወደ ሰማይ እንደሚሆን በላዩ የተለጠፈው ላስቲክ ላይ ተጽፏል። ሠራተኞች እንዲያምርላቸው መጀመሪያ ላስቲኩን ይልጣሉ፤ ከዚያ ማን ያውቃል? አንድ ጓደኛዬ ተገልብጦ ተመቶለት ቶሎ ቢጫ ሆነበት። ዕቃውን እየረገመ ነው፤ ዕቃው ግን ምንም አላጠፋም። እናንተ ላስቲኩ ሳይነሳ በፓርከር ጥግ ላይ «ላይ» ብላችሁ ጻፉበት። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ሌላው ቀዳዳው ነው። ፖሊካርቦኔት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ለአንድ ሜትር 3 ሚሊ ያህል ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ በመዶሻ ምስማር አይሆንም። በድሪል ከቪቴው ሰፋ አድርጎ መብሳት፣ ከዚያ ባለ ጎማ ቪቴ፣ እሱም ሳይጠብቅ። የውስጡ ቦዮች ቁልቁል ይሁኑ። የላይኛው አፍ በአሉሚኒየም ቴፕ ይታሸግ፤ አለዚያ አቧራና አረንጓዴ ሻጋታ ይገባበታል። የታችኛው ግን እንፋሎት ማስወጣት አለበት።

ከሁሉ የጠቀመኝ ምክር የአንድ ሽማግሌ አናጺ ነው። «ቆርቆሮ መሃል አትብሳ» አሉኝ። ንጣፉን ከጣሪያው አናት ክዳን ሥር አስጀምረን እስከ አሸንዳው አወረድነው። ከላዩ መገጣጠሚያ ስለሌለው ውሃ የሚገባበት የለም። ኮርኒሱ ላይ የተከፈተው ግን ሜትር ከሃምሳ በአንድ ሜትር ብቻ ነው። ከጣሪያው እስከ ኮርኒሱ በቺፑድ ሳጥን ሠርተን ነጭ ቀባነው። ብርሃኑን የሚበትነው ይሄ ነጭ ነው።

ቀለሙ የወተት ነጭ ይሁን። ጥርት ያለው ያቃጥላል። ሰማያዊ ከመረጣችሁ ደግሞ እንግዳውም ወጡም ሰማያዊ ይሆናል። አቅጣጫ መምረጥ ከቻላችሁ የሰሜኑን ተዳፋት ያዙ። በበጋ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል እዚያ በኩል ትበረታለች። ወደ ሰሜን የምትዞረው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ነው፤ አብዛኛውን ያን ጊዜ ደግሞ ደመና ይጋርዳታል።

መስታወት? የተጠየቅሁት በካሬ 9,500 ብር ነው፣ ከነአሉሚኒየሙ። ያምራል፣ አያረጅም። ከላይ የሚገባው ግን እንደ መኪና የፊት መስታወት ሁለት ተጣብቆ የተሠራው መሆን አለበት። ተራው ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረው ነጠላ መስታወት) ከተሰበረ ፍርፋሪው ራስ ላይ ይዘንባል። ከብዶም ጣሪያውን ማጠናከር ይጠይቃል። የወንድሜ ሚስት አስገብታ በየሰኔው ዙሪያውን ሲሊኮን ታስመታለች።

የሚከፈተው የጣሪያ መስኮት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ የዴንማርኩን ቬሉክስ አስገብታለች፤ «አንድ ልላክልህ» ብላኝ ነበር። ለእሷ ጣሪያ ግሩም ነው። ውሃ እንዳይገባ ዙሪያውን የሚያስረው ላሜራ ግን ለየጣሪያው ዓይነት ተለክቶ የሚሠራ ነው። እኛ ኤጋ ቆርቆሮ ላይ በግምት እናጥፈው? እዚህ አስመስሎ የተሠራውን 68,000 ብር ተጠይቄያለሁ። የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ጎማው በዓመቱ ደረቀ፣ መለዋወጫ የለም።

ለማድ ቤትና ኮርኒስ ለሌለው ሰርቪስ ግን ፖሊካርቦኔትም አትግዙ። አልፍሬዶ ሞዘር የሚባል ብራዚላዊ መካኒክ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሰበው ዘዴ አለ። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ፣ አልጌ እንዳያበቅል ሁለት ክዳን በረኪና ጨምሮ፣ ከፊሉን ከቆርቆሮው በላይ፣ ከፊሉን ወደ ውስጥ አድርጎ ማሸግ ነው። ቀን ቀን ከ40 እስከ 60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል። የእኛ ማድ ቤት ሁለት አለው። የሲሊኮኑ ዋጋ ብቻ ነው ያወጣሁት።

የትኛውንም ብትመርጡ ከግንቦት በፊት አስጨርሱ። ሰኔ ላይ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ሁሉ ሠራተኛ ፍለጋ ይወጣል፤ ያኔ የእጅ ዋጋ ሁለት እጥፍ ነው።