የሚቆጣው ካሜራ

እህቴ ጥር ላይ ታገባለች። የጥሪ ካርዱን የማሳተም ሥራ ለእኔ ስለተሰጠኝ ፒያሳ ወረድኩ። የማተሚያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የሠራተኞቹ እንጀራ ነው። ጣሊያን ከሠራቸው ሕንፃዎች በአንዱ ሥር ነው ልበላችሁ። ጎንደር ፒያሳ ላይ በዚህ ምልክት ማንንም አታገኙም።

ሥራቸው ጥሩ ነው፤ እሱን ልመስክር። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ወርቃማው ቀለም በጣት ቢያሹት አይለቅም። 200 ካርድ አዘዝኩ፤ አንዱን በ40 ብር። ዲዛይን የምትሠራው ልጅ ደግሞ እጇ የተባረከ ነው። የአባታችንን ስም በስልክ ስልክላት ቸኩዬ «ሀይሉ» ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ በብዙኃኑ ኀ ላድርገው?» አለችኝ። አስተማሪ ነኝ፤ አፈርኩ።

ችግሩ ካሜራው ነው። ጣሪያው ጥግ ላይ ተሰቅሏል። ዓይኑ ይዞራል፣ ድምፅም አለው። ባለቤቱ ሱቅ በሌለ ጊዜ ከስልኩ ላይ ሆኖ ያያል፣ ይናገራል። ልጅቷ ማውዙን እንደያዘች ከላይ «ፎንቱን አተልቂው!» የሚል ድምፅ ወረደ። እኔ ደንግጬ ከወንበሬ ተነሣሁ። እሷ ቀና እንኳ አላለች።

«ሁሌም እንዲህ ነው?» አልኳት ዝቅ ብዬ።

«ስናዛጋም ያያል» አለችኝ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ፊደሉ በቂ ነው ብዬ ወደ ጣሪያው ተናገርኩ። ከጣሪያ ጋር ስከራከር ያየኝ ተማሪ ቢኖር ጉዴ ፈልቶ ነበር። «ጋሼ፣ ልምድ አለን» አለኝ ካሜራው። ፊደሉ ተለቀ።

ናሙናውን አሳይታኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ ያየሁት የአባቴን ስም ብቻ ነው። በማግስቱ ካርዱን ተረክቤ አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ ፎቶውን በቴሌግራም ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። «ሰርጉ ደብረ ብርሃን ሆነ እንዴ? እኔ እኮ የጎንደር ትኬት ቆርጫለሁ!» ካርዱን አገላብጬ አየሁት። ፊደሉ ሲተልቅ «ሥላሴ» ወደ ታች ወርዳ የአበባው ሥዕል ውጧታል። እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ልንድር ብለን ሸዋ ገባን።

ስመለስ ባለቤቱ ራሱ ነበር። አልተከራከረኝም፤ በነፃ ይታተማል አለ። ይህን ለእሱ እሰጠዋለሁ። ስጠብቅ ቡና አስመጣልኝና ወደ ጓዳ አሳየኝ። አቧራ የለበሱ የባነር ጥቅሎች ተደርድረዋል። «የምርጫ ናቸው» አለኝ።

ነሐሴ 23 ቀን 2012 ምርጫ አለ ሲባል ነው የገዛቸው። ኮሮና መጣና ተራዘመ። ከዚያ ግንቦት 28 ቀን 2013 ተባለ፤ እሱም ተገፍቶ ሰኔ 14 ሆነ። አንዳንድ ቦታ ጭራሽ መስከረም 20 ቀን 2014 ነው ድምፅ የተሰጠው። የእሱ ገንዘብ ይህን ሁሉ ጊዜ ጓዳ ውስጥ ተኝቷል። የምክር ቤቱ ዘመን 5 ዓመት ነውና ከዚያ ቀጥሎ ተራው የ2018 ነው፤ 7ኛው ጠቅላላ ምርጫ።

«ልግዛ ወይስ አልግዛ? እዚህ ከተማው ውስጥ ይሁን። ከከተማ ወጣ ሲባል መንገዱን ታውቀው የለ፤ ማን ሄዶ ፖስተር ይለጥፋል? ካልገዛሁ ደግሞ፣ የቁርጥ ቀን ሲመጣ ዋጋው አይቀመስም።»

አሳዘነኝ። ግን ይህን እያለኝ ዓይኑ ልጅቷ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ «ጠርዙን! ጠርዙን!» ብሎ ሄዶ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተከለ። ዞር ሲል በሻርፗ ጫፍ የጣቱን አሻራ ጠረገችው። ከሥሩ የቀደመው አሻራ ብቅ አለ።

ከዚያ ባንክ ቤት ብሎ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ኔትወርክ ጠፋ። የካሜራዋ መብራት ቀላች። ልጅቷ ትከሻዋን ስታወርድ ያኔ ነው እስካሁን ወጥራ ይዛው እንደነበር ያወቅሁት። ወረቀት የሚቆርጠው ልጅ ማፏጨት ጀመረ። 20 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ካርዱ አለቀ፤ «ሥላሴ»ም ቦታዋ ተመለሰች።

«ኔትወርክ የጠፋ ቀን ቶሎ ነው የምንጨርስ» አለችኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ገብታ ማታ 1 ሰዓት ትወጣለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይለፍ ይላል። ትርፍ ሰዓት ይከፈልሻል ወይ ስላት ጣሪያውን አየች። ካሜራው መጥፋቱን ረስታው ነው።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ፤ ሦስቱም የልጅቷ ናቸው። ካርድ ካላችሁ ሂዱ፣ ልጅቷ ትሥራላችሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። የተበላሹትን 200 ካርዶች ይዤ መጥቻለሁ። ጀርባቸው ንጹሕ ነው፤ ተማሪዎቼን ፈተና እፈትንባቸዋለሁ።