ቤቱ አራት ኮከብ፣ መውጫው አንድ

ስለ ቤቱ ክፉ አልናገርም። ብርሃን ይገባዋል፣ ጎረቤቱ ጨዋ ነው፣ ቧንቧ ሲያፈስም ሳትጨቀጭቁ ሰው ይልካሉ። እዚያ ስኖር ስለዚህ አከራይ ድርጅት ለጠየቀኝ ሁሉ «ግቡ፣ ደህና ናቸው» ስል ነበር። ውሉን እስከ መጨረሻዋ ቀን ጨርሶ ለሚወጣ ሰው አሁንም ቃሌ ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው ግን ውሉ ሳያልቅ መልቀቅ ለሚመጣበት ሰው ነው። ስራ ያዛውራል፣ ወላጅ ይታመማል፣ ትዳር ይፈርሳል፣ ገቢ ይቀንሳል፤ ቤት ስንከራይ ማናችንም ይሄን አናስብም። ድርጅቱ ሌላ መልክ የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጠባዩ የእሱ ብቻ አይደለም፣ ስንቱ አከራይ እንዲሁ ነው።

በእኔ በኩል የመጣው የስራ ዝውውር ነው። ውሉ ገና ወራት ይቀሩታል። አወጣሁትና ቁጭ ብዬ ሳነበው ጉድ አገኘሁ፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚናገር አንቀጽ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የፊተኛው፣ ተከራይ ቀድሞ ቢለቅ የቀሪውን ጊዜ ኪራይ በሙሉ ይከፍላል ይላል። ከኋላ፣ ፊደሉ ደቀቅ ያለበት ገጽ ላይ ያለው ደግሞ ተከራይ በ60 ቀን የጽሁፍ ማስታወቂያና በ2 ወር ኪራይ ካሳ ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። ሁለቱም ፊርማ አርፎባቸዋል። ቢሮ ስደውል የትኛውን እንደጠቀሱልኝ መቼም አይጠፋችሁም።

«እህቴ፣ ውል ውል ነው። የቀረውን ትከፍያለሽ፣ በቃ።»

«የኋለኛው ገጽ ላይ ያለውስ?»

ዝም። ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል።

«እሱን... ኃላፊዬን ጠይቄ ልደውልልሽ።»

አልደወለም። ስደውል ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ደግሜ ስደውል ፋይሉ ሌላ ቢሮ ነው፣ የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ዓይነት ምክንያት ብቻ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። እነሱ በዘገዩ ቁጥር ኪራዩ ይቆጥራል። 60 ቀኑ የሚጀምረው የጽሁፍ ማስታወቂያው ሲደርሳቸው እንጂ በስልክ አውርታችሁ «እሺ» እስኪሏችሁ ስትጠብቁ አይደለም። አንዳንድ ውል ላይማ ማስታወቂያው የሚቆጠረው ከሚቀጥለው የኪራይ መክፈያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ወሩ ሊያልቅ ሲል የላከና አዲሱ ወር ከገባ ሁለት ቀን ቆይቶ የላከ ሰው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ወር ኪራይ ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለተኛውን ስልክ እንደዘጋሁ በኢሜይል ጻፍኩ፤ የምለቅበትን ቀን፣ የአንቀጹን ቁጥር፣ ቁልፍ የማስረክብበትን ቀን። አጭር ደብዳቤ። ለቅሶም ልመናም የለበትም። መልሱ «ጥያቄዎ ደርሶናል» የምትል አንዲት መስመር ነበረች፣ እሷም በኋላ በደንብ ጠቀመችኝ።

ካሳው ራሱ አላናደደኝም፣ ይሄን በግልጽ ልበል። አከራይ አንድ ዓመት አስልቶ ነው ቤቱን የሰጠኝ። ስወጣ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ያጸዳል፣ ሰው እየተቀበለ ቤት ያሳያል፣ ቤቱ ባዶ ቢሆንም ባይሆንም የባንክ ዕዳው አይጠብቀውም። ይሄን ማንም ልብ ያለው ሰው ይረዳል። የ2 ወር ካሳ ይከብዳል፣ ግን ቁርጡ የታወቀ ነው፤ ሰው ቁርጡን ካወቀ ይከፍላል።

የመጣው የሂሳብ ደብዳቤ ግን ሌላ ነገር ይዟል። የ2 ወር ካሳ፣ ሲደመር አዲስ ተከራይ እስኪገባ ድረስ ያለው ኪራይ፣ ሲደመር የማከራያ ወጪ፣ ሲደመር «የአስተዳደር ክፍያ»። ሁለቱንም አንቀጽ አንድ ላይ ጨፍልቀው ከሁለቱም የሚጠቅማቸውን ወስደዋል። ይሄ ነው ኮከቡን የቆረጠባቸው። ወይ ቁርጥ ካሳ ውሰዱና ሸኙኝ፣ ከዚያ ቤቱ በማግስቱ ቢከራይም ትርፉ የእናንተ፣ ባይከራይም ኪሳራው የእናንተ፤ ወይ ደግሞ ቤቱ በትክክል ባዶ የሆነባቸውን ቀናት ቆጥራችሁ አስከፍሉኝ። ሁለቱን ደርቦ መጠየቅ አይን ያወጣ ነው።

በዚህ መሃል የቤቱን ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ አየሁት። እኔ ገና አልወጣሁም። ፎቶው ላይ ያለው ሶፋ የእኔ ነው፣ መስኮቱ ስር ያለችው አበባ የእኔ ናት፣ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው ሹራብ ሳይቀር የእኔ! ለጥገና የመጣው ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ ምን ያነሳ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ኪራዩ ደግሞ እኔ ከምከፍለው ጨምሯል። ማለትም በእኔ መውጣት የሚያተርፍ አከራይ ነው ስለ መውጣቴ ካሳ እየደራረበ የሚጠይቀኝ። ስክሪንሹት አደረግኩት፣ ቀኑ በሚታይበት መንገድ። እናንተም ልቀቁ ስትባሉ ሳይሆን እንለቃለን ባላችሁ ማግስት የራሳችሁን ቤት ማስታወቂያ ፈልጉ፤ አከራዩ መቼ መፈለግ እንደጀመረና በስንት እንዳወጣው ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ህጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የሌላ ሰው ልምድ ይዛችሁ አትሟገቱ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች አከራዩ ቤቱን መልሶ ለማከራየት ተገቢ ጥረት እንዲያደርግ ያስገድዳሉ፤ ቤቱን ቆልፎ በለቀቀው ሰው ላይ ኪራይ እየቆጠሩ መቀመጥ አይቻልም። የፍሎሪዳ ህግ ደግሞ የእኔኑ ጉዳይ ነው የሚመስለው፦ በውል የተያዘ የመውጫ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ከ60 ቀን በላይ ማስታወቂያም መጠየቅ አይቻልም፣ ያንን የመረጠ አከራይም ቤቱን ከተረከበበት ወር ወዲያ ሌላ ኪራይ አይጠይቅም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የተከራይ ክፍያዎች ህግ፣ ቀድሞ ለመልቀቅ የሚጠየቀው ገንዘብ አከራዩ ከሚደርስበት ኪሳራ እንዳይበልጥ ገድቧል። ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ዕቃ የተከራየ ሰው የ3 ወር ማስታወቂያ ሰጥቶ ይወጣል፤ ስራ ካዛወረው 1 ወር ይበቃዋል። ጀርመን ውስጥ 3 ተተኪ ተከራይ ያመጣ ሰው ነጻ ይወጣል የሚል ወሬ ስር ሰዶ ይወራል፣ ህጉ ውስጥ ግን እንዲህ የሚል ነገር የለም። የእናንተ ውል ምንም ይበል ምን፣ መጀመሪያ የምትኖሩበትን ቦታ ህግ አንብቡ፤ ውል ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ አይጸናም።

ተተኪ ካልን አይቀር፣ እኔም አምጥቼ ነበር። የስራ ባልደረባዬ፣ ደመወዟ ከእኔ የሚበልጥ፣ ወረቀቷ የተሟላ። «የራሳችን ተጠባባቂ ዝርዝር አለን» ብለው መለሷት፤ ምክንያት ወይ ፍንክች። ዝርዝር ካላቸው ታዲያ የማከራያ ወጪው የምን ነው? በነገራችን ላይ ተተኪ ስታመጡ አንድ ነገር ለዩ። ሰውየው በእናንተ ውል ስር የሚገባ ከሆነ ኪራይ ባይከፍል፣ በር ቢሰብር ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። በራሱ ስም ከአከራዩ ጋር አዲስ ውል ፈርሞ የእናንተ መዘጋቱ በጽሁፍ ከተሰጣችሁ ነው የተገላገላችሁት። ብዙ ሰው ቁልፍ ለጓደኛው አስረክቦ የወጣ ይመስለዋል።

ርክክቡ ቀን የመጣው ልጅ ትሁት ነው፣ አዛኝም ይመስላል። ግን የስልኩን መብራት አብርቶ ምድጃው ስር ሲንበረከክ፣ የቁም ሳጥኑን ጀርባ በጣቱ ሲያሽ፣ የእርሳስ ነጥብ የምታክል የሚስማር ቀዳዳ ለብቻዋ ፎቶ ሲያነሳ ነገሩ ገባኝ። ቅጹ ላይ «ሙሉ ቀለም» ብሎ ጻፈ። ሙሉ! ስገባ ያነሳሁትን ቪዲዮ አወጣሁና አሳየሁት፤ ያው ግድግዳ፣ ያው የወየበ ቀለም፣ ከበሩ ጀርባ ያለችው ጭረት ሳትቀር።

«እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ እህቴ» አለኝ።

«ጻፍ፣ ከጎኑ ደግሞ ተከራይዋ አልተስማማችም ብለህ ጻፍ።»

ጻፈ፤ እሱ ላይ አልፈርድም፣ ታዞ ነው። በኖሩበት ቤት ቀለም ይወይባል፣ ወለል ይፋቃል፣ ያ እርጅና ነው። ጉዳት የሚባለው በሩን ስትገነጥሉ ነው። ቀለሙ ከእኔ በፊት ዓመታት የኖረ ከሆነ ደግሞ የአዲስ ቀለም ሙሉ ዋጋ ከእኔ ዲፖዚት፣ ስገባ ካስያዝኩት ገንዘብ፣ የሚቆረጥበት ምክንያት የለም፤ ዕድሜው ይቀነስለታል። በሂሳቡ ላይ ያለኝን ተቃውሞ ከቪዲዮው ጋር ስልክላቸው የቀለሙን ክፍያ ያለ አንዲት ቃል ሰረዙት። ኢንተርኔት ላይ ያወጡትን ማስታወቂያ ከነቀኑ ስልክላቸው አዲስ ተከራይ እስኪገባ ድረስ የሚለው ኪራይም ጠፋ። ይቅርታ የለም፣ ማብራሪያ የለም፣ የተስተካከለ ሂሳብ ብቻ። ዝም ብሎ የሚከፍለው ሰው ስንት ይሆን?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚያደርገው። ተናደው የመጨረሻውን ወር ኪራይ «ከዲፖዚቱ ቁረጡት» የሚሉ አሉ። ውሉ ካልፈቀደ በስተቀር አታድርጉት። ያልከፈለ ተከራይ ትሆናላችሁ፣ ክርክሩም ከእነሱ ጥፋት ወደ እናንተ ጥፋት ይዞራል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ከዚህ በፊት የነበርኩበትን ቤት ያከራዩኝ አንዲት እናት ነበሩ። ያኔም ቀድሜ ነው የለቀቅኩት። እትዬ ብዙ አላወሩም፤ «ሰው እስኪገባ ያለውን ቀን ትከፍያለሽ፣ ሰው ካመጣሽልኝ ደግሞ እሱም ይቀራል» አሉኝና በወረቀት ላይ አስፍረው ፈረሙልኝ። ሰው አመጣሁ፣ ቁልፉን አስረከብኩ፣ አለቀ። ህግ የተማሩ አይደሉም፣ ቢሮም የላቸውም። ግለሰብ አከራይ ሁሉ እንደሳቸው ነው እያልኩ አይደለም፤ «አፍንጫሽን ላሺ» ብሎ ዲፖዚት የሚያስቀር ሞልቷል። ድርጅቱ ቢያንስ የቁልፍ መረከቢያ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ሂሳቡን ዘርዝሮ ይልካል፣ ቀሪውን ዲፖዚት ባለው ቀን ባንክ ያስገባል። ይሄን አልክድባቸውም።

እና ልከራይ ወይ ለምትሉኝ፦ ኑሯችሁ የረጋ ከሆነ ተከራዩ፣ ቤቱ ጥሩ ነው። ስራችሁ ከቦታ ቦታ የሚያንከራትት ከሆነ ግን ከመፈረማችሁ በፊት የፊተኛው አንቀጽ እንዲወጣ ጠይቁ፤ ካልወጣም «ተከራይ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጨመር። የሚያቅማሙ ከሆነ መልሳችሁን አገኛችሁ።

እኔ የ2 ወሩን ካሳ ከፍያለሁ። የማከራያ ወጪውን ሲከራከሩ ሰንብተው ተዉት። «የአስተዳደር ክፍያ» የምትለዋ ግን ከዲፖዚቴ እንደተቆረጠች ናት፤ ምን እንደተሰራበት ደጋግሜ ጠይቄ እስካሁን የተነፈሰ የለም። የሚያስረዳኝ ከመጣ ተመልሼ አንድ ኮከብ እጨምራለሁ።