ልጄን «አንቺስ ምን ማንበብ ትወጃለሽ?» ብለው ለጠየቋት መምህርት

ሰላም እህቶቼና ወንድሞቼ። ብዙ ጊዜ የሰው ጽሁፍ አንብቤ ዝም ብዬ የማልፍ ነኝ። ይህን ግን ሳልጽፍ ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ። እንግሊዝ አገር ልጅ የምታሳድጉ፣ በተለይ ልጃችሁ የትምህርት ዓይነት የሚመርጥበት ዕድሜ ላይ የደረሰባችሁ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። ረዘም ይላል።

የማመሰግናቸው ሴት ልጄ የምትማርበት አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የአይቢ (ከኤ ሌቭል ይልቅ የሚወሰድ ዓለም አቀፍ ዲፕሎማ፣ ዝርዝሩን ወደ ታች እነግራችኋለሁ) ፕሮግራም ኃላፊ ናቸው። ስሜን እንዳትጽፊ ብለው ለምነውኛል፤ ይሁን፣ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል።

መጀመሪያ ግን ያቃጠለኝን ላውራ። እሱ ካልወጣልኝ ምስጋናውም አይጥመኝም።

የቀድሞው ትምህርት ቤቷ ስሙ ይቅር። ልጄ ለንደን የመጣችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ደሴ አያቷ ጋ አድጋ፣ አማርኛ ማንበብና መጻፍ እዚያው ተምራ። ጂሲኤስኢ (በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ገደማ ለሚፈተኑት ፈተና የሚዘጋጁበትን ትምህርት) ሲጀምሩ ለሒሳብ ሲደለድሏቸው «እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ እንዳትጨነቅ» ብለው ፋውንዴሽን የሚባለው ዝቅተኛው የፈተና ደረጃ ውስጥ አስገቧት። እኔ ደግሞ ለልጄ አስበው ነው ብዬ አመሰገንኳቸው። አመሰገንኳቸው! ፋውንዴሽን የሚፈተን ልጅ አንድም ሳይስት ቢመልስ እንኳ ከ5 በላይ እንደማይሰጠው፣ ትልቁ ውጤት ደግሞ 9 እንደሆነ የነገረኝ ትምህርት ቤቱ አይደለም። አብራኝ አረጋውያን የምትንከባከብ የጋና ሴት ናት የነገረችኝ፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ ሻይ ይዘን። ኩባያዬን አስቀምጬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የጠናሁት ደጅ! ቀጠሮ ስጡኝ ስል ኢሜይል ጻፊ፣ ኢሜይል ስጽፍ ቀጠሮ ያዢ። ወደ ሃየር፣ ወደ ከፍተኛው ደረጃ፣ ያዞሯት ይር 11 (ጂሲኤስኢ የሚፈተኑበት ዓመት) ገብታ፣ ለገና ሊዘጋ ሲል ነው። ልጄ ሌሎቹ በሁለት ዓመት የተማሩትን በጥቂት ወር አሯሩጣ 7 አመጣች። 5 ላይ ሊቆልፉባት ነበር እኮ።

ሌላም አለ። የፖላንድና የቱርክ ልጆች በቋንቋቸው ጂሲኤስኢ ሲፈተኑ አየሁና የእኛስ ብዬ ጠየቅኩ። አማርኛ የለም። እሺ፣ ፈተናው አለመኖሩ የትምህርት ቤቱ ጥፋት አይደለም። ግን የመለሰችልኝ ሴትዮ ሳቋ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «እሱን ቤታችሁ አውሩበት» አለችኝ።

ቀጥሎ አማካሪ ነኝ ባይ ጋ ሄድን። ለአርባ ደቂቃ 300 ፓውንድ ከፈልን፤ ባለቤቴ የሁለት ቅዳሜ ኦቨርታይሙን ነው የሰጠው። ሰውየው ልጄን ዓይኗን እንኳ አላያትም። አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ማትስ፣ ፈርዘር ማትስ (ተጨማሪ ከባድ ሒሳብ) ብሎ አራት ኤ ሌቭል (ከጂሲኤስኢ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚያዙ ትምህርቶች) ጽፎ ሰጠን፣ «ለሕክምና ነው አይደል?» ብሎ። ዩኒቨርሲቲዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ሦስት መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። እውነቱን ለመናገር ሕክምና ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ልጄ አይደለችም። እሷ ኬሚስትሪ ትወዳለች፣ ታሪክ ደግሞ አብዝታ ትወዳለች። ታሪክን ሰውየው አልጻፈውም፣ እኔም እንዲጽፈው አልጠየቅሁም። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፣ እዚሁ ይመዝገብብኝ።

ስለ አዳሪው የነገረችን ቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት ናት። አዳሪ ትምህርት ቤት የሎርድ ልጆች ቦታ ይመስለኝ ነበር፤ ክፍያውን ካያችሁትም ይመስላል። በዚያ ላይ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 20 በመቶ ቫት ተጨምሮበታል። ግን በርሰሪ የሚባል ነገር አለ፤ የቤተሰቡን ገቢ አይተው ክፍያውን የሚቀንሱበት፣ አንዳንዴም ጨርሰው የሚተዉበት። ለእኛ አብዛኛውን ተዉልን። እናቴ በስልክ «ልጅሽን ለፈረንጅ ሰጠሽ» ብላ አለቀሰች። እኔም እኮ ዘጠኝ ዓመት ለአንቺ ሰጥቼሽ ነበር ልላት ብዬ ተውኩት።

ለቃለ መጠይቅ የሄድን ዕለት ከለንደን በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ባለቤቴ የሠርጉን ኮት ለብሷል፤ አውቶብስ የሚነዳበትን የስራ ጫማ ግን መቀየር ረስቷል። እኔ እሱን ጫማ ብቻ ሳይ ነው የዋልኩት።

የኃላፊዋ ቢሮ ጠባብ ናት፤ ወረቀት በወረቀት ላይ ተቆልሏል። ለእኛ ሰላምታ ሰጡንና ወንበራቸውን ወደ ልጄ አዞሩት። ውጤቷን አልጠየቁም፤ ወረቀቱ ፊታቸው ነበር፣ ገለል አደረጉት። «ለፈተና ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ፣ አንቺስ ምን ማንበብ ትወጃለሽ?» አሏት።

ልጄ እኔን አየችኝ። ከዚያ በቀስታ «በአማርኛ የሆነም ይቆጠራል?» አለች።

«እንዴታ!»

ልጄ ተናገረች ብላችሁ! አያቷ ጋ መደርደሪያ ላይ ስለነበረው፣ እኛ በልጅነታችን በሬዲዮ ሲተረክ ሥራ አስፈትቶ ያዳመጥነውን ወፍራም ልብ ወለድ ስታወራ፣ እጇ ሁሉ ይናገር ነበር። ሴትየዋ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ወረቀት ሰጧትና «እስቲ አንድ ነገር ጻፊልኝ» አሏት። «አያቴ ደሴ ናት» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን አንስተው ዝም ብለው ቆይተው አዩት። ወዲያው ወደ ኮምፒውተራቸው ዞረው አንድ ዝርዝር ከፈቱ። አማርኛ በእንግሊዝኛው በኤ ስለሚጀምር ብዙ መፈለግ አላስፈለጋቸውም።

«አለ» አሉ። «አማርኛ ሥነ ጽሁፍ። አንደኛው ትምህርትሽ ሊሆን ይችላል።»

ባለቤቴ የሰማው አልመሰለውም፤ «ይቅርታ፣ ምን አሉ?» አለ። እኔ ግን ያቺ ሴትዮ የሳቀችው ሳቅ ከጆሮዬ ሲወጣ ተሰማኝ።

ደግሞ አላባበሉንም። በግልጽ ነገሩን፦ እዚህ የአማርኛ አስተማሪ የለንም፤ ራሷ አንብባ፣ ራሷ አጥንታ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ይደግፋታል እንጂ አያስተምራትም፤ ከባድ ነው፤ ካልፈለገች ፈረንሳይኛዋን ትቀጥል። ልጄ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ ሳያስጨርሷት «እፈልጋለሁ» አለች።

አይቢ ምንድን ነው ለምትሉኝ፣ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ኤ ሌቭል ላይ ብዙው ልጅ ሦስት ትምህርት ይዞ ጠልቆ ይሄዳል። አይቢ ስድስት ነው፤ ሦስቱ ሃየር (ጠለቅ ያለው)፣ ሦስቱ ስታንዳርድ (ቀለል ያለው)። የእኔዋ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ታሪክ በሃየር፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ በስታንዳርድ ይዛለች። በዚያ ላይ 4,000 ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሁፍ አለ፣ «ዕውቀት እንዴት ታወቀ» ብለው የሚከራከሩበት ክፍል አለ፣ ስፖርትና የበጎ ፈቃድ ሥራም አለ። ሙሉ ነጥቡ 45 ነው። እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም እንደዚህ አድርጋ ካለፈች ባለ ሁለት ቋንቋ ዲፕሎማ ይሰጣታል አሉኝ። ነጥቡ እንዴት እንደሚደመር ሁለቴ አስረድተውኛል፤ ሁለቴም ራሴን ነቅንቄ ወጥቻለሁ። ዋናው ነገር ልጄ የሕክምናውን በር ሳትዘጋ ታሪኳንም አልጣለችም። ሐኪም ትሁን አትሁን የእሷ ጉዳይ ነው፤ እኔ ተምሬያለሁ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሰዓት ከእንግሊዝኛ ሥነ ጽሁፍ መምህርት ጋር ትቀመጣለች። መምህርቷ አማርኛ አንዲት ቃል አያውቁም፤ ግጥም እንዴት እንደሚፈተሽ ግን ያውቃሉ። ልጄ ተርጉማ ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው «ለምን ይህን ቃል መረጠ? ሌላ ትርጉም የለውም?» እያሉ ያፋጥጧታል። ታዲያ ሰም የገባት ልጅ ወርቁን ፍለጋ ደሴ ትደውላለች። እናቴ፣ ያቺ «ለፈረንጅ ሰጠሽ» ያለችኝ፣ አሁን ሐሙስ ማታ ስልኳን ቻርጅ አድርጋ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ባለፈው ደውዬ «ዛሬ ሥራ አለብኝ፣ ቶሎ ተናገሪ» አለችኝ።

ሴትየዋ ተማሪ ለመሰብሰብ የሚሮጡ እንዳይመስሏችሁ ሌላም ልጨምር። የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር፣ እሱንም ያስገቡልኛል ብዬ። አነጋገሩት፤ ልጁ ከሒሳብና ከፊዚክስ ሌላ ምንም አይወድም፣ ድርሰት ጻፍ ሲሉት ሆዱን ያመዋል። «ለእሱ አይቢ አይሆነውም፤ ማትስ፣ ፈርዘር ማትስና ፊዚክስ ኤ ሌቭል ይያዝ፣ ሰፈራችሁ ያለው ነጻው ሲክስዝ ፎርም (ከጂሲኤስኢ በኋላ ያሉት የመጨረሻ ሁለት ዓመታት ትምህርት ቤት) በደንብ ያስተምረዋል» አሉን። ፈርዘር ማትስ ለእሱ ሲሆን ትክክል፣ ለልጄ ሲሆን ስህተት፤ ልዩነቱን ያወቁት ልጆቹን ስለጠየቁ ነው፣ በቃ። ልጁ አሁን ኢንጂነር ልሁን እያለ ደስ ብሎት ይማራል። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉንም፤ ብስኩት ሰጥተው ሸኙን።

ስለዚህ እባካችሁ፣ እባካችሁ እህቶቼ፣ ልጃችሁ የሚፈተነው ፋውንዴሽን ይሁን ሃየር ዛሬውኑ ጠይቁ። ነገ አትበሉ። ለሲክስዝ ፎርም አዳሪ ብታስቡ በብዙዎቹ ማመልከቻው ይር 11 በገቡበት መጸው ነው፤ የበርሰሪውን ወረቀት ደግሞ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ፣ ልመና አይደለም። አይቢ ያለበት ትምህርት ቤት ከሄዳችሁ ኃላፊውን ራሱን አግኙና «ልጄ አማርኛ ማንበብ ይችላል» በሉ። ልጆቻችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የምታስቆጥሩ ሁሉ፣ የትም አያደርሰውም ያሏችሁን አትስሙ።

የትምህርት ቤቱን ስም የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ፤ ሌሊት ፈረቃ ስለሆንኩ ብዘገይ አትቀየሙኝ። 300 ፓውንድ የበላንን ሰው ስም ግን አትጠይቁኝ፣ አልናገርም።

በቀደም ለሃፍ ተርም ዕረፍት ልጄን ልወስዳት ስሄድ ቢሯቸው ጎራ አልኩ። ዳቦ ጋግሬ ይዤላቸው ነበር። ያቺ «አያቴ ደሴ ናት» የምትለው ወረቀት ከጠረጴዛቸው በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ዘቅዝቀው ነው የለጠፏት። ልጄ ክርኔን ያዝ አድርጋ «እማዬ፣ እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ።